የሸም አልነሲም እንቁላሎች

ይመኙሻል ልጇን ፍለጋ ካርቱም ውስጥ ካለው ሰፈሯ ከዴም የወጣችው በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ረፋዱ ላይ ነበር።

ልጅቷ እፀገነት ዓርብ ለስቅለት ስግደት ብላ ነጠላዋን አጣፍታ እንደወጣች አልተመለሰችም። ቅዳሜ ከሰዓት ከማይታወቅ ቁጥር «ዩማ፣ ቂያዳ ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ አታስቢ» የሚል መልእክት መጣ፤ ዩማ የምትላት እናቷን ነው፤ ከዚያ ወዲያ የራሷ ስልክ ዝግ ሆነ። የትንሣኤ ሌሊት ይመኙሻል ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ብቻዋን ፈሰከች። ሃምሳ አምስት ቀን ጾማ ከአንድ ጉርሻ በላይ አልበላችም። እሑድ ቀኑን ሙሉ የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ስትነሳ ስትቀመጥ፣ ወጡ ሁለቴ ሞቆ ሁለቴ ቀዘቀዘ።

ሰኞ ጠዋት ልብስ ስታሰጣ ጎረቤቷ ሸዋአለም ጠጋ አለቻት።

«ልጅሽ አሁንም ቂያዳ ናት?»

«እዚያው ናት።»

«እንግዲህ የሰማሁትን ልንገርሽ። ባለቤቴ የሚሠራበት ጋራዥ ሲወራ፣ ዛሬ ወታደሮቹ መንገዱን ያስከፍቱታል ነው የሚባለው። በውድም ይሁን በግድ። ሂጂና ጎትተሽ አምጫት።»

ይመኙሻል የያዘችውን ርጥብ ቀሚስ ሳትዘረጋው ገመዱ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

ሕዝቡ ከጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ደጃፍ ከተቀመጠ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ቂያዳ የሚሉት ቦታውን ነው። ሠላሳ ዓመት የገዛው ፕሬዚዳንት ወርዷል፤ ሰዉ ግን ወታደሮቹ ሥልጣኑን ለሲቪል ካላስረከቡ ንቅንቅ አንልም ብሎ እዚያው አስፋልት ላይ ይበላል፣ እዚያው ይተኛል፣ እዚያው ይዘፍናል። ይመኙሻል በዚህ ሁሉ ውስጥ የለችበትም። ካርቱም ውስጥ አስራ ዘጠኝ ዓመት የኖረችው በምንም ነገር ውስጥ ባለመገኘት ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ፣ ካለፈበት ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከሻ መጣ ሲባል፣ ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሊያፍስ ሰፈሩን ሲከብ፣ በየትኛው ጓሮ ገብታ በየትኛው እንደምትወጣ ታውቃለች። ልጇንም ያሳደገቻት እንዲሁ ነው፤ ድምፅሽን ዝቅ፣ ዐይንሽን ሰበር፣ የጠራሽን ሁሉ እንዳልሰማሽ እለፊው። አባትየው ልጅቷ ሳትድህ ወደ ሊቢያ ብሎ እንደወጣ ድምፁ ጠፍቷል። እፀገነት እዚሁ ተወልዳ እዚሁ አስራ ስምንት ዓመት ሞላት፤ የሱዳንም የኢትዮጵያም ወረቀት ግን የላትም።

ረክሻ ተሳፈረች፤ ያው ባጃጅ ነው፤ ነጂው ግን ከቂያዳ ቀድሞ ካለው ሆስፒታል ማዶ አልሻገርም ብሎ አወረዳት። ከዚያ ወዲያ በእግሯ ሆነ። መንገዱን የዘጋው ተርስ ጡብ፣ ጎማ፣ የቅርንጫፍ ክምርና የመብራት ብረት አንድ ላይ የተቆለለበት ነው፤ በመሐሉ ሰው አንድ በአንድ የሚያልፍበት ቀዳዳ ተትቷል። ቀዳዳው ላይ ሴቶቹን የሚፈትሹ ሁለት ልጃገረዶች ቆመዋል። ይመኙሻል ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «ወረቀትሽ?» ከተባለች የምትመልሰውን አላሰበችም ነበር። አንደኛዋ ልጅ ግን በስሱ ዳሰስ ዳሰስ አድርጋት «ይቅርታ አድርጊልን ኻልቲ፣ ለሁላችንም ደኅንነት ነው» አለችና እንደ አክስቷ አክብራ አሳለፈቻት።

በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አስቁሞ ከፈተሻት ሰው ሁሉ ይቅርታ ያላት አልነበረም። ደስ ሊላት ሲገባ ጭራሽ አበሸቃት። ልጄን ያጠመዱብኝ እንዲህ እያሉ ነው፣ አለች በሆዷ።

ውስጡ ሌላ ከተማ ነው። ሰው በሰው ላይ ይሄዳል። ከባቡር ድልድዩ ላይ የተሰቀሉ ወጣቶች ብረቱን በድንጋይ ይቀጠቅጣሉ፤ ድምፁ አየሩን አልፎ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ይመኙሻል ያገኘችውን ሁሉ «ሐበሻ ልጅ አላያችሁም? ቀጭን፣ ጠጉሯ አጭር» እያለች ጠየቀች። ሦስተኛው ሰው ሻይ እየጠጣ «ጀናን ነው የምትፈልጊው? እንቁላል የምታስቀባዋን?» ብሎ በጣቱ አመለከታት። ፀን መጥራት ያልቻለ አገር፣ ገነትን በራሱ ቋንቋ ጀና ብሎ ስም አውጥቶላታል።

እፀገነት ከአጥሩ ጥግ፣ በሸራ ጥላ ሥር፣ ሰማያዊ የፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ተንበርክካ ነበር። ሃያ የሚሆኑ ልጆች ከበዋታል። ዕለቱ ሸም አልነሲም ነው፤ ከፋሲካ ማግስት ቤተሰብ ሁሉ እንቁላል ቀብቶ፣ ምሳውን ቋጥሮ፣ የወንዙን ነፋስ ሊያሸት የሚወጣበት ቀን። ዘንድሮ የኮፕት ወጣቶች ወደ ወንዝ መሄዱን ትተው የተቀቀለ እንቁላል በካርቶን በካርቶን ይዘው ወደዚህ መጥተዋል። «ለልጆቹ ማን ያስቀባልን?» ሲሉ እፀገነት «እኔ እችላለሁ» አለች፤ እነሱም አስረክበዋት ወደ መድረኩ ሄዱ። እሷ ደግሞ ቀለሙን ውኃ በሞሉ ጎድጓዳ ሳህኖች በጥብጣ ልጆቹ መሐል ደርድራቸዋለች። ልጆቹ እስከ ክንዳቸው ቀይና አረንጓዴ ሆነዋል። አንዲት እናት የልጇን የበዓል ቀሚስ ጫፍ ይዛ ትነጫነጫለች። ምንጣፉ ደግሞ በአቅራቢያው ካለ መስጊድ በውሰት የመጣ የሰላት ምንጣፍ ነው፤ ያመጡት ሽማግሌ ትንሽ ራቅ ብለው ተቀምጠው ዐይናቸውን ከሳህኖቹ ላይ አልነቀሉም።

ይመኙሻል ከልጇ ፊት ቆመች።

«ተነሺ።»

እፀገነት ቀና አለች። ጉንጯ ላይ አረንጓዴ የጣት አሻራ አለ። «ዩማ። እንዴት መጣሽ?»

«በእግሬ። ተነሺ እንሂድ።»

«አልችልም። ልጆቹን ይዣለሁ። ከሰዓት እመጣለሁ።»

«ዓርብም እመጣለሁ ብለሽ ነበር።»

እፀገነት ወደ ሳህኑ አቀረቀረች። ይመኙሻል ሰው እንዳይሰማ ጎንበስ አለችና በአማርኛ ቀጠለች። «ዛሬ ይመጣሉ ነው የሚባለው። ሰምተሻል?»

«በየቀኑ ነው የሚባለው።»

«እነዚህ ቢያዙ አባታቸው፣ አጎታቸው ሄዶ ያስፈታቸዋል። አንቺን ማን ያስፈታሻል? እኔ ነኝ ሄጄ ስምሽን የምጠራው?»

ልጅቷ የአማርኛ ቃል ሲጠፋት እንደምታደርገው ከንፈሯን ነከሰች። «ዩማ፣ እዚህ ወረቀት የጠየቀኝ የለም። ሦስት ሳምንት እየመጣሁ፣ አንድ ሰው እንኳ። አንቺ የመጣሽው እኔን... ልትደብቂኝ ነው።»

ይመኙሻል ክንዷን ልትይዛት እጇን ስትዘረጋ ከወዲያ በኩል የተቀመጠ ልጅ ተንጠራርቶ እንቁላሉን ሲጥል ሳህኑ ተገለበጠ። ቀዩ ውኃ ምንጣፉ ላይ ተንሸራቶ ወደ ልጆቹ ጉልበት ሮጠ። ልጆቹ ተንጫጩ። ሽማግሌው ብድግ አሉ።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ይመኙሻል አስባ አላደረገችውም። ነጠላዋን ከላይዋ ገፍፋ ውኃው ላይ ጣለችው፤ ቀለሙ ምንጣፉ ላይ ሳይዝ ነጠላው ጠጣው። የቀሩትን ሳህኖች አንድ በአንድ አንስታ አስፋልቱ ዳር ደፋች።

«እኔ ቤት ያደግሽ ልጅ እንዲህ ትሠሪ?» አለች። «ሲት ሉጥፊያ ብታይሽ ምን ትል ነበር?»

ሲት ሉጥፊያ ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ውስጥ አስራ አንድ ዓመት ያገለገለቻት ኮፕት እመቤት ናት። በጥር ወር ቤተሰቧን ይዛ ካይሮ እስክትሄድ ድረስ በየዓመቱ በዚህ ቀን የልጅ ልጆቿን ሰብስባ እንቁላል ታስቀባ ነበር፤ ነገር ግን ነጩ እብነ በረድ ላይ አንዲት ጠብታ ካየች ሳምንት ሙሉ ታኮርፋለች። ስለዚህ ይመኙሻል ያለ ጠብታ መቅባትን ተማረች። መማር ግድ ነበር።

«ምግብ የሚያበስሉት ሴቶች የት ናቸው? ሂጂ፣ ጥሬ ሩዝ አምጪ። ክዳን ያለው ባዶ ዕቃም፣ የሰሊጥ ቅባት የጠሂኒያ ይሁን የምንም፣ ያገኘሽውን ያህል። አቼቶም ካላቸው።»

እፀገነት እናቷን አየት አደረገቻትና ሮጠች።

አሠራሩ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ዕቃ ውስጥ ሁለት እፍኝ ሩዝ ይገባል፤ ከላዩ የቀለም ዱቄት በጥፍር ቁንጥር፣ ሦስት ጠብታ አቼቶ። ክዳኑ ገጥሞ ሲወዘወዝ ሩዙ ቀለሙን ይጠጣዋል። ከዚያ እንቁላሉ ይገባል፣ ክዳኑ ይጠብቃል፣ ዕቃው በሁለት እጅ ተይዞ ወዲያና ወዲህ ይላል። ሩዙ በሄደበት እንቁላሉን እየነካው ይሄዳል። ሲወጣ እንደ ጅግራ እንቁላል ጠቃጠቆ ነው። እጅ ቀለም አይነካም፣ ውኃ አይፈስስም፣ ሁለት ዓይነት ቀለም የፈለገ ወደ ሌላ ዕቃ ያዛውራል። የሚደርቀው ደግሞ ያው በመጣበት ካርቶን ላይ ነው።

«እንደ ሕፃን ነው የምታስተኙት» አለቻቸው በማዕድ ቤት ዐረብኛዋ። «የቸኮለ ይሰብራል።»

የመጀመሪያው እንቁላል ሲወጣ ልጆቹ ሊያዩት ተጋፉ። ሽማግሌው መጥተው ካዩ በኋላ ተመልሰው ተቀመጡ።

ከልጆቹ መሐል ጦይባ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ኦመር ረክሻ ነጂ ነው፤ ሚስቱ ለወሊድ መደኒ ከተማ ወላጆቿ ዘንድ ስለሄደች ልጁን ይዞ ነው የሚውለው። ጦይባ ከሌሎቹ ተነጥላ የይመኙሻልን ጉልበት ተደግፋ ተቀመጠችና አረንጓዴውን ዕቃ አቅፋ ታወዛውዝ ጀመር። አይበቃም? ቢሏት ራሷን ትነቀንቃለች።

ይመኙሻል የመጣችበትን አልረሳችም። ካርቶኑ ሊያልቅ ነው፣ ሲያልቅ እጇን ይዤ እሄዳለሁ ትላለች። ሁለት ካርቶን ሲቀር ነው ድልድዩ ላይ ያለው ድምፅ የተለወጠው።

እስካሁን የዘፈን ምት ነበር፤ አሁን ያለ ዜማ ፈጠነ። ሰዉ ሁሉ ቀጥ አለ። ቀጥሎ ከሰሜን በኩል ቃል ከአፍ ወደ አፍ እየዘለለ መጣ፤ ወታደሮች፣ የጭነት መኪና፣ ዶዘር፣ ተርሱን ሊያነሱ ነው። ወንዶቹ ወደዚያው ሮጡ። ሴቶችም ሮጡ። እናቶች ልጆቻቸውን ከምንጣፉ ላይ እየጎተቱ ወደ ደቡብ ወጡ፤ የአንዳንዱ ልጅ እናት ግን በቅርብ አልነበረችም። ኦመር ጦይባን አየ፣ ይመኙሻልን አየ።

«ኻልቲ፣ ለእርስዎ ትቻታለሁ። አስር ደቂቃ ነው። እኔ እስክመጣ ለማንም እንዳይሰጡብኝ።»

እሺም እንቢም ሳትለው ሄደ። ይመኙሻል ስትቆጥር አስራ አንድ ልጆች ቀርተዋል።

እፀገነት ቆማ ነበር። ፊቷ ወደ ሰሜን ነው። እናቷ አንጓዋን ያዘቻት።

«ልቀቂኝ ዩማ። ጓደኞቼ እዚያ ናቸው።»

«የኔ ዐረብኛ የማዕድ ቤት ነው። አምጣ፣ ውሰድ፣ አትንካ ነው የማውቀው። እነዚህ ማልቀስ ከጀመሩ በምን ላባብላቸው?»

እፀገነት ልጆቹን ተመለከተች። አንዱ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። «ልቀቂኝ፤ አልሄድም» አለችና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

ከሩቅ አንድ ነገር ጮኸ። ተኩስ ይሁን ጎማ ፈንድቶ ማንም አላወቀም። ሁለት ልጆች ባንዴ ለቅሶ ለቀቁ፤ ሌሎቹ ለመነሳት ተንቀሳቀሱ። አሁን አንዱ ቢሮጥ ሁሉም ይሮጣሉ፣ በዚያ ሁሉ እግር መሐል። ይመኙሻል አንድ ዕቃ አነሳች።

«ጨዋታ አለ በያቸው» አለች ለልጇ። «እንቁላሉ የተሰነጠቀበት ይወጣል። እኔ በቆጠርኩት ልክ ነው የሚወዘወዘው፤ የፈጠነም ይወጣል።»

እፀገነት ተርጉማ ነገረቻቸው። ይመኙሻል በአማርኛ መቁጠር ጀመረች። አንድ ስትል ወደ ቀኝ፣ ሁለት ስትል ወደ ግራ። ድልድዩ ፍጠኑ ፍጠኑ ይላል፤ እሷ ቀስ ትላለች። ሩዙ ከአስራ አንድ ዕቃ ውስጥ እንደ ዝናብ ሸሽ ይላል። ልጆቹ ዐይናቸውን ከአፏ ላይ ተከሉ፤ ትንሽ ቆይተው «ሦስት፣ አራት» እያሉ ይከተሏት ጀመር። ላብ በጀርባዋ ይወርዳል። ወታደሮቹ ቢገቡ በየት በኩል እንደምትወጣ ዐይኗ አጥሩን ይለካል፤ አንዷን በጀርባ፣ ሁለቱን በእጅ፣ እፀገነት ሁለት፣ ሌሎቹስ? ስሌቱ አልሞላ አላት። «አምስት» አለች። «ስድስት።» ድምፅዋ እንዳይሰበር ከሆዷ ታወጣዋለች።

ስንት ጊዜ አስር እንደደረሰች አታውቅም። አንድ ጊዜ ቀና ስትል ሽማግሌው ከጎኗ መጥተው፣ ጀርባቸውን ለልጆቹ ፊታቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ቆመዋል። በእጃቸው ከከዘራ በቀር ምንም የለም።

በመጨረሻ ከሰሜን በኩል እልልታ ተሰማ። ዶዘሩ ተመለሰ፣ ወታደሮቹ ተመለሱ፣ የፈረሰውን ተርስ ሰዉ መልሶ እየካበው ነው። ወላጆች ላባቸውን እየጠረጉ መጥተው ልጆቻቸውን እያቀፉ ወሰዱ። አንዲት እናት የይመኙሻልን ራስ ሳመች። ሽማግሌው ምንጣፉን ለሰላት ጠቅልለው ወሰዱት፤ ይመኙሻል አስፋልቱ ላይ ካርቶን አንጥፋ ተቀመጠች። ጭኗ ላይ ጦይባ አለች፤ የጦይባ ጭን ላይ አረንጓዴው ዕቃ።

አስር ደቂቃው ሰዓት ሆነ። አንዱ ሰዓት ሁለት ሆነ። ኦመር አልመጣም።

«ቆስለው ወደ ሐኪሞቹ ድንኳን የተወሰዱ አሉ ይባላል» አለች እፀገነት ቀስ ብላ።

ይመኙሻል ልጇ ምን ልትል እንደፈለገች ገባት። ድንኳኑ ያለው በሰሜን በኩል፣ ከተርሱ አጠገብ ነው። ጠዋት ከዴም የወጣችው ልጇን ከዚያ አቅጣጫ ልታርቅ ነበር። የጦይባን ራስ ዳበሰች። ልጅቷ አባቷ የሄደበትን አቅጣጫ ትመለከታለች።

«ሂጂ» አለች። «ፈልጊው። በጥጉ በኩል ሂጂ።»

እፀገነት አንድ እርምጃ ሄዳ ዞረች፤ እናቷ ሐሳቧን የምትለውጥ መስሏት። ይመኙሻል ግን ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ነበር። ስትሄድ ማየት አልቻለችም።

ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘነበለች። ይመኙሻል በሰው ብዛት መሐል አጭር ጠጉር ባየች ቁጥር ትንጠራራለች። ነጭ ጀላቢያ የለበሰ፣ አርባውን ያለፈ ሰው በየጥላው ሥር እያጎነበሰ ሲመለከት ቆየና እነሱ ፊት ደርሶ ቆመ።

«ጦይባ» አለ። «ነይ። አጎትሽ ነኝ።»

ጦይባ ዕቃዋን አጥብቃ ይዛ በይመኙሻል ብብት ሥር ገባች።

«አታውቅህም» አለች ይመኙሻል።

«ሕፃን ሆና ነው ያየኋት። የአባቷ ወንድም ነኝ። ስጪኝ፣ ቤት ልውሰዳት። እዚህ ልጅ የሚያመጣ ጤነኛ ሰው አይደለም።»

«አባቷ እስኪመጣ ከእኔ ጋር ናት።»

ሰውየው አሁን በደንብ አያት፤ መልኳን፣ የተሰባበረ ዐረብኛዋን። ድምፁ ተለወጠ። «አንቺ ማነሽ? ሐበሺያ ነሽ አይደል? እስቲ ወረቀትሽን አምጪ።»

ያ ቃል ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት በጓሮ ያስኬዳት፣ ሲጠሯት እንዳልሰማች ያሳለፋት። በእንደዚህ ያለ ድምፅ የተናገራትን ወንድ እንቢ ብላ አታውቅም። ልጅቷን ሰጥታው ብትነሳ፣ በሰው መሐል ገብታ ብትጠፋ ማንም አይከሳትም፤ አጎቷ ነኝ ብሏል። የጦይባ ጣቶች ቀሚሷን ጨምድደዋል።

«ወረቀት የለኝም» አለች።

ለራሷ ጆሮ እንግዳ ሆነባት። ለማታውቀው ሰው ተናግራው አታውቅም።

«ወረቀት የለኝም። ልጅቷን ግን በእጁ የሰጠኝ አባቷ ነው። ለማንም እንዳትሰጪ ብሎኛል። አልሰጥም።»

«ፖሊስ ብጠራስ?»

«ጥራ።»

በአጠገቡ ሻይ የሚጠጡ ሰዎች ዞር ብለው ተመለከቱ። ሰውየው ዙሪያውን ቃኘ። የሚሄድ መስሏት ስትጠብቅ፣ ከፊት ለፊቷ ድንጋይ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። እሷም አልተነሳች፣ እሱም አልሄደ።

«ኦመር ታናሼ ነው» አለ በመጨረሻ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ሦስት ዓመት አልተነጋገርንም። ዛሬ ሬዲዮውን ሰምታ እናታችን ናት 'ሄደህ አምጣልኝ' ያለችኝ። ሞቶ እንደሆነስ? ምን ይዤ ልግባ? ቢያንስ ልጅቷን ብዬ ነው።»

ይመኙሻል ጠጉሩ ላይ የወጣውን ሽበት አየች። ሰውየውን አሁንም አላመነችውም። «እኔም የመጣሁት ልጄን ልወስድ ነበር» አለችው። «አሁን አባቷን ፍለጋ ልኬያታለሁ።»

እሱም ከድንጋዩ ሳይነሳ መንገድ መንገዱን ይመለከት ጀመር።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እፀገነትን አየቻት። ከጎኗ ኦመር አለ፤ ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሎ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ተርሱን መልሰው ሲክቡ የመብራት ብረቱ ተንሸራቶ እጁ ላይ ወድቆ ሁለት ጣቱን ሰብሮታል። ድንኳኑ ውስጥ ወረፋው ረጅም ነበር፣ የእፀገነት ስልክ ደግሞ ከቅዳሜ ጀምሮ ባትሪ የለውም።

ኦመር ወንድሙን ሲያይ ቆመ። ወንድምየውም ተነሳ። አልተቃቀፉም። ታላቅየው ፋሻውን እያየ «እናትህ ትጠራሃለች» አለ።

«እመጣለሁ።»

«አሁን።»

«ልጄን ልያት መጀመሪያ።»

ወንድምየው በአገጩ ወደ ይመኙሻል ጠቆመ። «እንቢ አለችኝ። አጎቷ ነኝ ብላት፣ ወረቀት ብላት፣ ፖሊስ ብላት እንቢ አለችኝ።»

ኦመር ወደ ይመኙሻል ዞረ። ደኅናውን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ዝቅ አደረገላት።

ጦይባ የዕቃዋን ክዳን የከፈተችው ያኔ ነው። እንቁላሉ እንደ ጅግራ እንቁላል አረንጓዴ ጠቃጠቆ ወጥቶት ነበር፤ ግን አንድ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ቀኑን ሙሉ እንባ ያልወጣት ልጅ በእንቁላሉ አለቀሰች፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት። አጎቷ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ከካርቶኑ ላይ ሌላ አንስቶ ሰጣት። አልፈልግም አለችው። ሲሄዱ አባቷ በደኅናው እጁ አቅፏት፣ አጎቷ የተሰነጠቀውን እንቁላል በመዳፉ ይዞ ከኋላ ይከተል ነበር።

እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ይመኙሻል የቆሸሸ ነጠላዋን አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ ከተተች።

«እንሂድ» አለች።

«ዩማ፣ እኔ...»

«አውቃለሁ። ነይ፣ ብዪ፣ ታጠቢ፣ ተኚ። ነገ ትመለሻለሽ።»

እፀገነት እናቷን ፈራ ተባ እያለች አየቻት። «ከልብሽ ነው?»

«ነይ ብዬሻለሁ።»

እቤት ሲደርሱ ወጡ ለሦስተኛ ጊዜ ሞቀ። እፀገነት እንደ ተራበ ሰው ተጣድፋ በላች። ጉንጯ ላይ ያለውን አረንጓዴ ሳትታጠብ አልጋው ላይ ጋደም ስትል፣ «ዩማ፣ በአስራ አንድ ሰዓት ቀስቅሺኝ። ጠዋት እኔ ነኝ ተረኛዋ፣ ሴቶቹን የምፈትሽ» አለች። እናቷ ሳትመልስላት እንቅልፍ ወሰዳት።

ይመኙሻል ተቀምጣ አሰበች። ባትቀሰቅሳት ልጅቷ እስከ ረፋድ ትተኛለች፤ ሦስት ቀን አስፋልት ላይ ነው ያደረችው። አንድ ቀን ይተርፋል። ያ አንድ ቀን ደግሞ ምን እንደሚያመጣ ማን ያውቃል? በሩን ከውጭ መቆለፍም ይቻላል። ይህንን ሁሉ አንድ በአንድ አሰበችው፤ ያላሰበችው የለም። ነጠላውን ነከረች፣ አጠበች፤ ቀዩ ቀለም አልለቀቀም። ጋደም አለች፣ እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም።

አካባቢው ሲነጋጋ፣ ከመስጊዱ አዛኑ ሲሰማ፣ ተነስታ አልጋው አጠገብ ቆመች። እፀገነት እጇን ከጉንጯ ሥር አድርጋ፣ አፏን ከፈት አድርጋ ተኝታለች። ይመኙሻል የምትችለውን ያህል ጠበቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ትከሻዋን ነካች።

«ተነሺ» አለቻት። «ሰዓትሽ ደርሷል።»